ጥቁር ያምርብሻል

እናትዓለም ከል ከለበሰች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ስሟ ሲነሳ «ባል መውደድስ እንደ እሷ ነው!» የማይል የለም። ከቅዳሴ ስትወጣ እናቶች አዲስ ያገቡ ልጆቻቸውን በክርናቸው ጎሸም እያደረጉ ያሳዩአታል። አንድ ቄስማ ስለ ታማኝነት ሲሰብኩ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ነው የጨረሱት ይባላል። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ ሰምታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

አሁን የምነግራችሁ ግን አደራ፣ እዚሁ ይቅር። ሴትዮዋ ከሏን ያላወጣችው ጥቁር ስለሚያምርባት ነው። እሷ ራሷ እንደዚያ ብላ ነው ራሷን የምትከሰው።

ነገሩ የጀመረው ባሏ መርስዔ ኀዘን ከሞተ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ነው። ወደ ሥራ ተመልሳ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስትደረድር፣ ማህሌት የምትባለው ባልደረባዋ ቀና ብላ አየቻትና «እናቴ፣ በክፉ ቀን ሆኖ ነው እንጂ ጥቁር እንዴት ያምርብሻል!» አለቻት። እናትዓለም ፋይሏን መደርደር ቀጠለች። በሻይ ሰዓት ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት አየች። በግራ ዞራ አየች፤ በቀኝ ዞራ አየች። እውነትም ይኼ ጠይም ፊት፣ ይኼ መለሎ አንገት! ፈገግ አለች። ፈገግታዋን በመስታወቱ ስታየው ክው ብላ ቀረች። ባሏ አፈር ገብቶ እሷ መስታወት ፊት ጥርሷን ታሳያለች! ያን ቀን ስታለቅስ አመሸች። በማግስቱ ታዲያ ጥቁር ሻሿን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አሰረችው።

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይወራል። ጥቁሩ ቀሚስ ወገቡ ላይ ጠበብ አለ። ጥቁሩ ጫማ ተረከዝ አበቀለ። ልብስ ሰፊዋ «ለሐዘን ነው ያልሽኝ አይደል?» ብላ ደጋግማ ጠይቃታለች።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልታወጣው ነበር፤ ይህንንም እንመስክርላት። ግን ከል የለበሰች ሴት በራሷ ጊዜ ተነሥታ አታወልቅም። የሟች ወገን አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣና «በቃሽ» ይላታል። እሷ «አይሆንም» ትላለች፤ ይለምኗታል፤ አሁንም እምቢ ትላለች፤ በመጨረሻ እየጎተቱ ያለብሷታል። ሁሉም ተራውን ያውቃል። የሟች ወገን ማለት እንግዲህ የመርስዔ ታላቅ እህት፣ የእንፍራንዟ ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው፤ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ባለቤት። እሳቸውም ከወንድማቸው ቀብር ጀምረው ጥቁር እንደለበሱ ነበሩ። ለሙት ዓመቱ መጡ፤ ልብሱንም በሻንጣ ይዘው መጡ።

እናትዓለም እንደ ወጉ «አይሆንም፣ እኔ ገና ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ሸጊቱ እንደ ወጉ መለመን ሲገባቸው፣ ጨዋነታቸው በዛና «እንግዲህ ካልቆረጠልሽ አላስገድድሽም። እኔም አብሬሽ እቆያለሁ» አሉ።

እናትዓለም ደግሞ በጨዋነት ላለመበለጥ «እርስዎ ለብሰው እኔ እንዴት አወጣለሁ? እርስዎ ያውጡና እኔ እከተላለሁ» አለች።

«እኔ? ሚስት ሳታወጣ እህት ቀድማ? ሰው ምን ይለኛል!»

«ቢሆንም እርስዎ ታላቅ ነዎት…»

እንዲህ ሲግደረደሩ የመኪናው ሰዓት ደረሰ። ወይዘሮ ሸጊቱ ሻንጣውን ሳይከፍቱ ወደ እንፍራንዝ ተመለሱ። ይኼው ሌላ ዓመት አንዷ እዚያ፣ አንዷ እዚህ ጥቁር ለብሰው ይጠባበቃሉ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው እንደጨረሰ!

እናትዓለም አንድ ልጅ አለቻት፤ ሀኒ ትባላለች። ምህንድስና ስትማር ከርማ ዘንድሮ ልትመረቅ ነው። ድልድይ እንዴት እንደሚቆም ብትጠይቋት «እሱ ከባድ ኮርስ ነበር» ብላ ታልፋችኋለች። የትኛው ቀለም ለየትኛው ቆዳ እንደሚሆን ከጠየቃችኋት ግን ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ቶሎ አያልቅም። ይኼን የተማረችው ከስልኳ ነው።

ምርቃቱ ሲቃረብ አንድ ቀን መጥታ እናቷ ፊት ተገተረች።

«እማዬ፣ ምርቃቴ ላይ ጥቁር ለብሰሽ ከመጣሽ ፎቶ አልነሳም።»

«ምን ሆንሁ ነው የምትይ?»

«ጥቁር ጋዋን የምለብሰው እኔ ነኝ። ሁለታችንም ጥቁር ከለበስን ማን እንደተመረቀ በምን ይታወቃል?»

«በቆቡ።»

«አልቀለድኩም! ያንን ምስማር እዪው እስኪ። እዚያ ላይ የለቅሶ ፎቶ አልሰቅልም።»

እናትዓለም ቀና ብላ አየችው። ምስማሩ ሳሎኑ መሀል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። መርስዔ ሳሎኑን ራሱ የቀባ ጊዜ መትቶት «ይኼ የሀኒ ምርቃት ፎቶ ቦታ ነው፣ ማንም ምንም እንዳይሰቅልበት» ብሎ ነበር። ማንም ምንም አልሰቀለበትም። ምስማሩ እስካሁን ባዶውን እነሱን ያያል።

«ቆይ፣ ጥቁር እኮ ያምርብኛል» አለች ሳታስበው። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ምላሷን ነከሰች።

ሀኒ ቅንድቧን ሰቀለች። «ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ።»

«እሺ፣ አሁኑኑ እንፈትሸዋለን። ክንድሽን ስጪኝ።»

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። የሰው ቆዳ ላዩ አንድ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቀለም አለ። ሁለት ጠይም ሴቶች ጎን ለጎን ቢቆሙ የአንዷ ከሥር ወደ ወርቅ ይሄዳል፣ እሷ ሞቃት ናት፤ የሌላዋ ወደ ሰማያዊና ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ እሷ ቀዝቃዛ ናት። የክንድ ደም ሥር አረንጓዴ ከመሰለ ሞቃት ነው፤ ሰማያዊ ከመሰለ ቀዝቃዛ። ድፍን ጥቁር የሚሆነው ለቀዝቃዛዋ ጠይም ነው፤ ቀይ ሴትን ግን ቀዝቃዛም ብትሆን ያገረጣታል።

«እኔ እንኳ ትኩሳት የለብኝም» አለች እናትዓለም።

«ዝም በይ እማዬ። አረንጓዴ… አይ…» ሀኒ ክንዱን ገለበጠችው፤ ተጠጋችው፤ ፊቷ ተቀየረ። «ሰማያዊ ነው። ቀዝቃዛ ነሽ።»

«እና ጥቁር?»

«ይሆንሻል ማለት ነው» አለች ሀኒ፣ ሬት እንደቀመሰ ሰው።

«እኔስ ምን አልሁሽ!» እናትዓለም ደስታዋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ገብታም ያለ ሥራ አንድ ድስት አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ሳሎን የቀረችው ሀኒ ግን የራሷን ክንድ አየች። ሰማያዊ! የስኳር ዕቃውን አየች። ነጭ የነበረው ስኳር ሰማያዊ! ቀና ስትል ግድግዳውን አየችና ጮኸች።

«እማዬ! ግድግዳው ነው! አባዬ ነው!»

እውነቷን ነው። መርስዔ ሳሎኑን የቀባው ሐይቅ ዳር ካለ ወዳጁ ባገኘው የተረፈ የጀልባ ቀለም ነበር። ውኃ የማይነካው፣ ፀሐይ የማያደበዝዘው፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቀለም! ብርሃን በመስኮት ገብቶ ከግድግዳው ሲመለስ እዚያ ሳሎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከጣና ውስጥ አሁን የወጣ ይመስላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ምነው ብርድ መታህ?» ይባባላል። መርስዔ ብቻ «ቀለም ማለት ይኼ ነው!» እያለ ሲኩራራ ኖረ።

«ፈተናው አይሠራም። ነገ ሐይቅ ዳር፣ ደጅ፣ በቀን ብርሃን እንደግመዋለን» አለች ሀኒ።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ሐይቁ ዳር ካለች ከአንዲት ዓሣ ቤት ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሀኒ አንድ ፌስታል ሙሉ ሻርፕና ብጫቂ ጨርቅ ይዛለች። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት አወጣችና የእናቷ አገጭ ሥር ሸጎጠችው፤ የቆዳው ቀለም ከንጹሕ ነጭ ጋር ሲነጻጸር ይታያል መባሉ ነው። አስተናጋጁ ከሩቅ አይቶ፣ ለመብላት የታጠቀች መስሎት መጣ።

«እናቴ፣ ዓሣው ገና መጥበሻ አልገባም» አላት በትሕትና።

እናትዓለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሀኒ ግን ማንንም አትሰማም። ከእናቷ አንገት የብር መስቀሏን ወደ ጉንጯ አስጠጋች፤ ፊቷ ደበዘዘ። እጇን ይዛ የወርቅ የጋብቻ ቀለበቷን ወደ ጉንጯ አስጠጋች፤ ጉንጯ ፈካ አለ። «ወርቅ ነው የሚስማማሽ! እዩልኝ!» ብላ ጮኸች። አጠገባቸው ዓሣ ይበሉ የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ጠርገው ማየት ጀመሩ። ሰማያዊ ጨርቅ ስታለብሳት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሮዝ ስታለብሳት አንደኛው «ኧረ አውልቂላት፣ ደም ያነሳት መሰለች» አለ። የሸክላ ቀለም ያለውን ስታለብሳት አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ቆመ።

ሀኒ ሁለት ፎቶ አነሳች። አንዱ በሸክላው፣ አንዱ በጥቁሩ። ጎን ለጎን አድርጋ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት።

እናትዓለም አየች። በጥቁሩ ያለችው ሴትዮ ዓይኗ ሥር ጉድጓድ አለ፣ ከንፈሯ አመድ ነው፣ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል። በሸክላው ያለችዋ ግን አሁን ከጸሎት የተመለሰች፣ ጎረቤት ቤት ልትጫወት የምትሄድ ሴት ናት። ያን ያህል ዘመን ያመረባት መስሏት በየመስኮቱ መስታወት ራሷን ሰርቃ ስታይ የኖረችው ይቺን አመዳም ኖሯል!

«ታዲያ ማህሌትስ ያምርብሻል ያለችኝ?»

«እማዬ» አለች ሀኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባልሽ ሞቶ፣ ከስተሽ ወደ ሥራ ስትመለሺ ምን እንድትልሽ ትፈልጊ ነበር? ልታጽናናሽ ነው እኮ።»

እናትዓለም መጀመሪያ የተናደደችው በማህሌት ነው። ቀጥላ በራሷ ተናደደች። ሁለት ዓመት ሙሉ «አምሮብኝ ነው፣ ከንቱ ሆኜ ነው» እያለች ስትጨነቅ፣ ለንስሐ አባቷ ለመናገር እንኳ አፍራ ስትሸሽ፣ ለካ ኃጢአቱ የሌለ ኃጢአት ነው! ደግሞ ወዲያው ሌላ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ተቀረቀረባት። ካላማረብኝ ታዲያ ለምን ነበር ያላወጣሁት? ዓሣውም መጣ፤ አልበላላትም።

ከዚያ ሲመለሱ ሀኒ እየጎተተች አንድ ሱቅ አስገባቻትና የሸክላ ቀለም ያለው ቀሚስ ገዙ። ልብ በሉ፤ ከል የለበሰች ሴት የከል ማውጫዋን ራሷ ገዛች ቢባል እንፍራንዝ ድረስ ጉድ ነው የሚባለው። «ባሏን ልትረሳው ቸኩላ» ይላሉ። ስለዚህ ቀሚሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሀኒ አልጋ ሥር ገባ። እናትዓለም በዚያ ክፍል ባለፈች ቁጥር ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ታያለች።

በምርቃቱ ዋዜማ ወይዘሮ ሸጊቱ መጡ። ያው ሻንጣ በእጃቸው አለ። ፊታቸው ቀይ ነበር፣ የጠራ ቀይ፤ በጥቁሩ ውስጥ ግን የተልባ ውኃ መስሏል። ሳሎኑ ውስጥ ሲቀመጡ የጀልባው ቀለም ተጨምሮበት አያድርስ ነው። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሻንጣውን ከፈቱና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ጥለት ያለው፣ ራሱም ሮዝ የሆነ ቀሚስ አወጡ።

«በቃሽ» አሉ። «ነገ ልጅሽ ትመረቃለች። ወንድሜም ከዚህ በላይ አይፈልግም። በቃሽ።»

እናትዓለም ሮዙን አየች። የሐይቁ ዳር ሰውዬ «ደም ያነሳት መሰለች» ያለው ጆሮዋ ላይ ጮኸ። «አይሆንም!» አለች፣ ከልቧ።

ወይዘሮ ሸጊቱ ደስ አላቸው። ወጉ እየሄደ ነው ማለት ነው። አምና ቶሎ በመልቀቃቸው መሪጌታ ዓመት ሙሉ ሲቆጧቸው ከርመዋል፤ «ዘንድሮ ብትሞትም እንዳትለቂያት» ብለው ነው የላኳቸው። ስለዚህ ተነሥተው ክንዷን ያዙ።

«አይሆንም እትዬ፣ እውነቴን ነው!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ነው የሚባለው!»

«ኧረ በቅዱስ ጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፣ አልለብሰውም!»

«አበጀሽ! ጨዋ ሴት እንዲህ ናት!» አሉና ቀሚሱን በራሷ ላይ ደፉት። እናትዓለም ከውስጥ ትወራጫለች፣ ወይዘሮ ሸጊቱ ከላይ ይጎትታሉ። እምቢ ባለች ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ያደንቋታል። ትንሿ ጠረጴዛ ተገለበጠች።

ሀኒ ሮጣ ገብታ መሀላቸው ቆመች። «አክስቴ፣ ይተዉአት! ቀለሙ ነው! ሮዝ ለእማዬ አይሆናትም፣ ለእርስዎ ነው የሚሆነው!»

ወይዘሮ ሸጊቱ ቀሚሱን ስበው አወጡትና ሳያስቡት ደረታቸው ላይ ለጠፉት። በሩ አጠገብ ነበሩ፤ የደጅ ብርሃን አገኛቸው። ያ የተልባ ውኃ የመሰለ ፊት በአንድ ጊዜ ደም ዘለቀው። እናትዓለም ጸጉሯ እንደተበታተነ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ቀጥላም ሌላ ነገር አየች። የቀሚሱ ጫፍ እሳቸው እግር ላይ ልክ ነው። እናትዓለም ግን ከሳቸው በጣም ትረዝማለች።

«እትዬ… ይኼ ልብስ በማን ልክ ነው የተሰፋው?»

ወይዘሮ ሸጊቱ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽ» አሉ። «ላንቺ ብዬ ነበር ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄድሁት፣ ልኬቱን ሲጠይቀኝ የራሴን ነገርሁት። አምና መልሼ ስወስደው ከፋኝ ብዬ ብነግርሽ ውሸት ነው፤ ደስ አለኝ። መሪጌታ ቅዳሴ በሄዱ ቁጥር ከሳጥን እያወጣሁ ስለካው ከረምሁ። ምን ላድርግ! ጥቁር ከለበስሁ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ታመምሽ ወይ ይለኛል። ያልተወሰድሁበት ጸበል የለም! አንቺ ሳታወጪ ማውጣት አፍሬ፣ ይኼው አንቺን ስጠብቅ…»

«እኔን? እኔ እኮ እርስዎን ነው የምጠብቅ!»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው፤ ሳቁ ትከሻቸውን ናጠው፣ ከዚያ እናትዓለምንም ያዛት።

«ላንቺስ ምን አለብሽ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ጥቁር ያምርብሻል።»

«አያምርባትም!» አለች ሀኒ፣ እና ማንም ሳይዛት ከክፍሏ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አምጥታ መሀላቸው ዘረገፈችው።

እናትዓለም ደርቃ ቀረች። የሸክላው ቀሚስ ከነዋጋው ወረቀት ተዘርግቷል። ወይዘሮ ሸጊቱ ሳቃቸውን አቆሙ። ቀሚሱን አነሱ፣ ገለበጡ፣ ስፌቱን አዩ።

«ማነው የገዛው?»

ሀኒ «እኔ» ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ እትዬ። ራሴ ነኝ የገዛሁት።» ከዚህች ደቂቃ በኋላ እንፍራንዝ የሚወራውን ሁሉ አስቀድማ ሰማችው።

ወይዘሮ ሸጊቱ የዋጋውን ወረቀት በጥርሳቸው በጠሱትና በመስኮት ወረወሩት።

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ መሪጌታም ቢጠይቁሽ፣ ሸጊቱ ናት ያመጣችልኝ በይ። በይ ነይ። በቃሽ።»

«አይሆንም» አለች እናትዓለም። ወጉ ይሁን እውነቷ አሁን እሷም አታውቀውም። ወይዘሮ ሸጊቱ ግን አሁን አልተግደረደሩም፤ ራሷን ይዘው አለበሷት። እሷም በተራዋ ሮዙን ለሳቸው አለበሰች። እሳቸው አንድም ጊዜ እምቢ አላሉም።

ሀኒ ሁለቱንም እየጎተተች ወደ ግቢው አወጣቻቸውና መስታወት ያዘችላቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ «አቤት!» ብለው ለራሳቸው ተገረሙ። እናትዓለም ግን መስታወቱን እንዳየች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው? አልወደድሽውም?» አለች ሀኒ ደንግጣ።

«ይኼ ፊት…» አለች እናትዓለም፤ «ይኼን ፊት እኮ የሚያውቀው መርስዔ ነው።»

ያን ጊዜ ከሏን ለምን እንዳላወጣች ገባት። አመዳሟን ሴት መርስዔ አያውቃትም፤ እሷም እሱን አላጣችም። ጥቁሩን ለብሳ የሌላ ሰው ሐዘን ስታስታምም ነው የከረመች። አሁን እሱ የሚያውቃት ሴት ተመልሳ መጣች፣ የመጣችበት ቤት ውስጥ ግን እሱ የለም።

«ወይ አንቺ ሴት!» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ እቅፍ አድርገዋት። «ጥቁር ለብሰሽ ስትሽቀረቀሪ ከርመሽ፣ ዛሬ ሲያምርብሽ ታለቅሻለሽ?» ይኼን ብለው እሳቸውም አለቀሱ፤ ሮዙ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገታቸውን አስግገው።

በማግስቱ ከምርቃቱ በኋላ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሡ። ሸክላና ሮዝ በግራና በቀኝ፣ ጥቁር ጋዋን መሀል። ወይዘሮ ሸጊቱ ሀኒን ከላይ እስከ ታች አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ፣ ጥቁር አያምርብሽም። በሽተኛ አስመሰለሽ።»

«አውቃለሁ አክስቴ፣ ለአንድ ቀን ነው።»

«እኔም ለአንድ ዓመት ነው ብዬ ነበር» አለች እናትዓለም፤ ሦስቱም ሳቁ፣ ፎቶ አንሺውም ያን ጊዜ አነሳቸው።

ፎቶው ታጥቦ መጣና ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ሀኒ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች። የጀልባው ቀለም ሸክላውን አጥቁሮታል፣ ሮዙን ወይን ጠጅ አድርጎታል፣ ሦስቱንም ከጣና የወጡ አስመስሏቸዋል።

«እማዬ፣ ይኼን ግድግዳ መቀየር አለብን። ለማንም አይሆንም። ቅዳሜ ልቀባልሽ?»

እናትዓለም በሸክላ ቀሚሷ እንደቆመች እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ይኼን ግን አላወጣም» አለች።